የዕቁብ ብሬን መኪና ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ አወጣሁት፤ ጓደኞቼ «አብዷል» ይላሉ

ባለካቴና (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ዕቁብ ወጣልኝ። እዚህ ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ዕቁብ ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቅህ «ምን ልትገዛበት ነው?» ብሎ ነው። ጓደኞቼማ መልሱንም ራሳቸው ሰጡኝ። «ካምሪህን ሽጥና ሃይላንደር ያዝ» አሉ። ካምሪዬ አርጅታለች እንጂ አልሞተችም። በክረምት አንድ ጊዜ ታስላለች፣ ከዚያ ትነሳለች።

ከብሩ ትንሽ ቆነጠርኩና ያገለገለ ብስክሌትና ትንሽ ድንኳን ገዛሁ። የቀረውን አስቀመጥኩት። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ብስክሌቱን አምትራክ ባቡር ላይ ጫንኩ፣ ፒትስበርግ ወረድኩ፣ ከዚያ ቤቴ ድረስ በፔዳል መጣሁ።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሁለት መንገድ የተቀጠለ ነው። ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ (ሜሪላንድ) ያለው 150 ማይል፣ የድሮ ሐዲድ ተነቅሎለት የብስክሌት መንገድ የሆነ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱም ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። ከከምበርላንድ እስከ ዲሲው ጆርጅታውን ደግሞ 184.5 ማይል የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር ነው። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሚሄዱበት ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 540 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር እንደመሄድ በሉት። ልዩነቱ እዚህ አንድም የጭነት መኪና ከኋላ አይነፋብህም።

ከፍተኛው ቦታ 729 ሜትር ነው። ፈረንጆቹ እዚያ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ሽሮ ሜዳ ያደግኩት ሰውዬ ሳቄን ዋጥኩት።

የቦዩ ዳር መንገድ ደግሞ ለጥቂት የመኪና ጎዳና ሊሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ «እዚህ ላይ አስፋልት አይፈስም» ባይ ሆነ። የዋሽንግተን ፖስት አዘጋጆችን አብረውት እንዲሄዱ ጋበዘና ከከምበርላንድ ዲሲ በእግሩ አቀናው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። አሁን በየጥቂት ማይሉ ድንኳን የምትተክልበት ነፃ ቦታ አለ። የውሃ ፓምፕና መጸዳጃ ቤት አለው። አንድ ዶላር አይጠይቁህም።

ፓው ፓው የሚባል ዋሻ አለ። 950 ሜትር ነው። በጡብ የተገነባ፣ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ። ከብስክሌት ወርደህ በባትሪ ትገፋለህ። ውሃ ከላይ ይንጠባጠባል። ከፊትህ የምታየው ብርሃን የመርፌ ቀዳዳ ታህል ነው፤ ብትሄድ ብትሄድ አታድግም።

ሶፋ ቀይሬ አውቃለሁ። ትልቅ ቴሌቪዥንም ገዝቻለሁ። ስለነሱ ዛሬ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ስለ ዋሻው ግን ልጆቼ ማታ ማታ «የሌሊት ወፍ ነበር?» እያሉ አላስተኛ ብለውኛል። ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። እኛ ሐበሾች ለዕቃ ብር ስናወጣ ደስ ይለናል፣ ለመንገድ ስናወጣ ግን የተዘረፍን ይመስለናል። ለምንድን ነው?

---

ቆጣቢው

ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ። ግን ጥያቄህ ውስጥ ትንሽ የዲያስፖራ ድሎት አለ፤ አትቀየመኝ።

አንተ ያለህበት አገር መኪና ከሻጩ ግቢ ስትወጣ ዋጋዋ ይወርዳል። እኛ ጋ መኪና ገዝተህ ነድተህ፣ ተጠቅመህ፣ ከገዛህበት በላይ ትሸጣታለህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ሳይቆይ ከ100 አለፈ። በባንክ ጥሬ ብር ያስቀመጠው ሰው አንድም ሳያጠፋ ግማሹን አጣ። ወርቅ፣ ብረት፣ መኪና የያዘው ተረፈ። ስለዚህ እዚህ ዕቃ የሚገዛው ሰው ሁሉ ዕቃ አምላኪ አይደለም። ቁጠባውን ጎማ አልብሶት ነው።

ትዝታ ደግሞ ለልጅ አይወረስም።

---

ባለካቴና

@ቆጣቢው የመኪናው ነገር እውነትህን ነው። እዚያ ብሆን እኔም ሌላ ስሌት እሠራ ነበር። ሃይላንደሩ ግን ቁጠባ አልነበረም። እዚህ ለሰርግና ለቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚነዳ መኪና ነው። እሱን ነው የምለው።

---

ሸገሬ በፔዳል (አዲስ አበባ)

ትዝታ አይወረስም ያልከው አልገባኝም። እኔ ብስክሌት የለመድኩት ጃንሜዳ በኪራይ ሳይክል ነው። ያከራየኝ ልጅ ኮርቻውን ይዞ ከኋላዬ እየሮጠ። ያንን ለልጄ አውርሼዋለሁ፣ አሁን እኔ ነኝ ከኋላ የምሮጠው።

ስለ አዲስ አበባ ልንገራችሁ። ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ የብስክሌት መስመር አለን። ሁሉም ቦታ አይደለም፣ ባለበትም ሰው ይሄድበታል፣ ሞተር ይቆምበታል። ግን አለ። ከ2011 ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ብለው መንገድ ሲዘጉ ልጆች አስፋልቱን እንዴት እንደሚወርሩት ያየ ሰው፣ ከተማው ሳይክል አጥቶ እንጂ ጠልቶ እንዳልሆነ ይገባዋል።

እኛ በሰንበት ቢሾፍቱ እንወርዳለን። በፍጥነት መንገዱ ብስክሌት አይገባም፣ በአሮጌው ነው። በቃሊቲ በኩል ሲኖትራክና አይሱዙ ይጫወቱብሃል፤ ለጀማሪ አልመክርም። ቢሾፍቱ ከገባህ በኋላ ግን ዓለም ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ጨለለቃ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን በጎማ ታዳርሳለህ። በመኪና የሚመጣው ሰው አንዱ ሪዞርት በር ላይ ይቆማል፣ ይበላል፣ ይመለሳል። ያየው ሐይቅ አንድ፣ እሱንም በመስታወት።

ወጪያችን ነዳጅ የለው፣ መግቢያ የለው። ሽሮ፣ ውሃ፣ አልፎ አልፎ ጎሚስታ።

---

ጣና ዳር

ይህን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። እኛ ጋ ብስክሌት ስፖርት አልነበረም። ከተማው ሜዳ ነው፣ ዘንባባው ጥላ ነው፣ አባቴ ሥራ በብስክሌት፣ እኛ ሴቶቹ ትምህርት ቤት በብስክሌት። ቀሚስ ለብሶ መንዳት ማንም አይገርመውም ነበር። አባቴ ማታ ከራት በፊት በዘይት ጨርቅ ካቴናውን ይወለውላል። ማንም አይነካበትም። አሁን ስታስቡት ያ ብስክሌት ዕቃ ነበር ወይስ ትዝታ? እኔ መለየት አልቻልኩም። አባቴ በዓለም ላይ ከነበረው ንብረት ሁሉ የሚወደው እሱን ነው፣ የሚወደውም የትም ስለሚያደርሰው ነው።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ብስክሌት የድሃ ሆነ። ሰው ሸጠ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ድሮ በእሑድ ጢስ ዓባይ ደርሰን እንመለስ ነበር፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ መንገድ መውጣት ራሱ የሚታሰብበት ነገር ሆኗል። «ለጉዞ ብር አናወጣም» ስትል እኔ ሳቄ መጣ። ብሩ አለ፣ መንገዱ ነው የጠፋው። አንተ 540 ኪሎ ሜትር ሄደህ የፈራኸው የሌሊት ወፍ ብቻ ከሆነ፣ ከዋሻው በላይ ልታወራለት የሚገባህ እሱ ነው።

---

ባለካቴና

@ጣና ዳር እህቴ፣ ምንም የምመልሰው የለኝም። ብቻዬን ጫካ ውስጥ ተኝቼ በሩን ስላልቆለፍኩት ድንኳን አንዴም አላሰብኩም ነበር። ልክ ነሽ።

---

የመጽሐፍ ትል (ሚኒሶታ)

ሳይኮሎጂ እየተማርኩ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር። ይህ ጉዳይ በጣም የተጠና ነው። ቫን ቦቨን እና ጊሎቪች የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ጥናት አሳተሙ። ሰዎች ለዕቃ ካወጡት ይልቅ ለጉዞ፣ ለትዕይንት፣ ለመሰል ነገር ያወጡት ብር የበለጠ እንዳስደሰታቸው ተናገሩ። ምክንያቱም ዕቃ እንለምደዋለን። ጎረቤት የተሻለ ሲገዛ ደግሞ የእኛው ያስጠላናል። ጉዞን ግን ከጎረቤት ጋር ማወዳደር ይከብዳል፣ ስናወራው ደግሞ ያምርብናል።

ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ሊ፣ ሆል እና ዉድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህ ነገር የኑሮ ደረጃ ላይ የሚወሰን ሆኖ ተገኘ። የተሻለ ገቢና ትምህርት ያላቸው ከጉዞው የበለጠ ደስታ አገኙ። ኑሮ ጠበብ ያለባቸው ግን ከዕቃም እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ ደስታ አግኝተዋል። ፍሪጅ ለሌለው ሰው ፍሪጅ ጌጥ አይደለም።

ስለዚህ @ቆጣቢው እና @ባለካቴና የተጣላችሁ አይመስለኝም። የምታወሩት ስለተለያየ ኪስ ነው።

---

ሹፌሩ ነኝ

ሁሉም ደህና፣ ሚስትህ ምን አለች? ዋናውን ነገር ዘለልከው እኮ 😂

---

ባለካቴና

@ሹፌሩ ነኝ «ሃይላንደሩ ቢቀርም ቦርጩ ቀረልን» አለች። አልተቀየመችም። በሚቀጥለው ግን ብቻህን አትሄድም ብላለች፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ሁለት ብስክሌት፣ ሁለት የልጅ ተጎታች... ሃይላንደሩ ሳይረክስ አይቀርም።

---

ዱባይ ያለሁ

እኔ ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ልጻፍ።

ሰው ቤት ነው የምሠራው። ወጣትነቴ እዚሁ አለቀ። ከማገኘው እያንዳንዷ ሳንቲም ሀዋሳ ለእናቴ ቤት ሆናለች። ጣሪያው መጣ፣ በሩ መጣ፣ ሴራሚኩ መጣ፣ ሁሉንም በቪዲዮ ነው ያየሁት። እናቴ ስልኩን ይዛ እየዞረች «ይኸው ኩሽናሽ» ትለኛለች። ቤቱን በእግሬ ረግጬው አላውቅም።

«ከዕቃ ይልቅ ጉዞ» ሲባል ሰው አይፈርድብኝም ወይ አልኩ። እኔ ተጉዣለሁ። አውሮፕላን ወጥቻለሁ፣ ባሕር ተሻግሬያለሁ። ያየሁት ግን የሰው ኩሽናና መስኮት ነው። እናቴ በኪራይ ቤት ስትባረር አይቼ ስላደግኩ ቤት መሥራቴ አይቆጨኝም። መጀመሪያ ጣሪያ ነው።

ግን እውነቱን ለመናገር አሁን ሦስተኛ ክፍል እንጨምር እያሉኝ ነው። ቀጥሎ አጥር። ቀጥሎ ሶፋ። እሱ ላይ ነው ይህ ጽሑፍ ልቤን የነካው። መቼ ነው የሚያልቀው?

---

ጋሽ ቁልቢ (ድሬዳዋ)

ልጄ ዱባይ ያለሽው፣ እግዚአብሔር ድካምሽን ይቁጠርልሽ። ሦስተኛው ክፍል ይቆይ በያቸው። እናትሽ አንቺን ነው እንጂ ክፍሉን አይደለም የምትናፍቀው። ይህን የምልሽ እኔም አባት ስለሆንኩ ነው።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ሐበሻ ለመንገድ ብር አያወጣም የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም። እናቶቻችን ምን ሲያደርጉ ኖሩ? ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ለመድረስ ሴትዮዋ ዓመቱን ሙሉ መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች። ቀሚስ አትቀይርም። መስከረም 21 ግሸን፣ ኅዳር 21 አክሱም፣ ገናን ላሊበላ። ባሌ ላይ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱት ባላ ዱላቸውን ይዘው ስንት ቀን በእግር ይሄዳሉ። ሐጅ የሚወጣው ሰው ከብቱን ሸጦ ነው። ሲመለስ ምን ይዞ ይመጣል? ስሙ ፊት ላይ «ሐጂ» ትጨመራለች፣ አለቀ።

ዘመናዊው ሰው ነው ይህን ረስቶ ሶፋ ላይ የተቀመጠው።

ብስክሌትም ቢሆን የፈረንጅ ብቻ አታድርጉት። በ1949 ዓ.ም. አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ሜልቦርን የሄዱት እነማሞ ወልዴ ብቻ አልነበሩም። ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችም አብረው ነበሩ። ሩጫው ብቻ ሲወራ እነሱን ረሳናቸው። ዘንድሮ ያሉት ወጣቶች ቢያንስ ፅጋቡ ግርማይን ያውቁታል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ።

---

ቆጣቢው

ጋሽዬ፣ የእርስዎን ማክበሬ እንዳለ ሆኖ፣ ቁልቢ የሚሄዱት ስለት ለማድረስ ነው። ለመዝናናት አይደለም። እሱን ከድንኳን ጋር አንድ ላይ ማድረግ ትንሽ አይከብድም?

---

ጋሽ ቁልቢ

አንተ ቁልቢ ሄደህ አታውቅም ማለት ነው። ስለቱ እንዳለ ነው፣ በመንገዱ ላይ ያለው ጨዋታ፣ ዘፈኑ፣ ስንቅ መካፈሉ፣ እሱስ? ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያወሩት እሱን ነው።

---

የሮተርዳሟ

እኔ ከወዲያኛው ጫፍ ልምጣ። ሆላንድ ነኝ። እዚህ አገር ብስክሌት ማንም አያደንቅም። ሁሉም የዛገ አሮጌ ይዞ ነው የሚዞረው፣ አዲስ ከገዛህ ሌባ ነው የሚያደንቅልህ። ዘንቢል፣ ልጅ፣ የገና ዛፍ ሁሉ በሱ ይጫናል።

ግን እዚህም አንድ ነገር ታዘብኩ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቅዳሜ መውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ወሬው ስለ ንፋሱ ነበር። ቀስ በቀስ ስለ ካርቦን ፍሬም ሆነ። ከዚያ ስለ ጫማ፣ ስለ መነጽር፣ ስለ ሰዓት። አንዱ የገዛው ብስክሌት ከመኪናዬ ይበልጣል። ከዚያ ደግሞ ያልተመዘገበ ጉዞ እንዳልተሄደ ይቆጠራል፤ ሰዓቷ ባትሪ ስላለቀባት ተመልሳ የነዳች ሴት አውቃለሁ!

እና ወዳጆቼ፣ ጉዞም ዕቃ ይሆናል። «እዚህ አገር ሄጄ፣ እዚያ አገር ሄጄ» እያልን በመደርደሪያ እንደረድረዋለን። ሃይላንደሩን ትተህ የአገር ስም የምትሰበስብ ከሆነ ያው ሰርግ ላይ የምታሳየው ነገር ተቀየረ እንጂ አንተ አልተቀየርክም። @ባለካቴና አንተን አይደለም፣ ያንተ ያገለገለ ብስክሌት ስለሆነ ደስ ብሎኛል።

---

ሸገሬ በፔዳል

@የሮተርዳሟ ኧረ እኛም ጋ ገብቷል። ባለፈው አንድ ልጅ ሙሉ ልብሱን፣ መነጽሩን፣ ምኑን ለብሶ መጣ። እንጦጦ ዳገት ላይ የሰፈር ዳቦ አመላላሽ በቻይና ሳይክል፣ ዳቦውን እንደጫነ፣ አለፈው።

---

የአሽዶድ ልጅ (እስራኤል)

አጭር አስተያየት። እኛ ጋ በዮም ኪፑር፣ በአይሁድ የማስተሰረያ ጾም ቀን፣ መኪና ሙሉ በሙሉ ይቆማል። ትልልቁ አውራ ጎዳና ላይ ልጆች በብስክሌት ይርመሰመሳሉ። እናቴ ሰባት ልጅ ነው ያሳደገችው፣ ብስክሌት የነበረን አንድ። በየተራ እስከ መገናኛው ደርሰን እንመለስ ነበር። ወንድሞቼ አሁን ሁሉም መኪና አላቸው። ሲገናኙ ግን የሚጨቃጨቁት ያኔ የማን ተራ እንደነበር ነው።

---

አዲስ ገቢ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

@ባለካቴና እኔም መሞከር እፈልጋለሁ ግን በቀጥታ 540 ኪሎ ሜትር አልደፍርም። ምን ልያዝ? ውድ ብስክሌት የግድ ነው?

---

ባለካቴና

@አዲስ ገቢ በፍጹም። መጀመሪያ ቅርብ ያለውን ሞክር። ማውንት ቨርነን መንገድ 18 ማይል ነው፣ ወንዙን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ደብልዩ ኤንድ ኦ ዲ፣ ከአርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል፣ ሙሉውን አስፋልት። እነዚህን ከለመድክ ወደ ቦዩ ውጣ።

ለቦዩ ጎማህ ወፈር ይበል፣ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ። መንገዱ አፈር ስለሆነ ዝናብ ከመታው ጭቃው እስከ ፍሬኑ ይደርሳል። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ ለዋሻው ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ። ባቡር ላይ የብስክሌት ቦታ ቀድመህ ያዝ፣ ውስን ነው።

ምግብ ላይ ፈረንጆቹ በስኳር የተለበጠ ነገር ይሸጡልሃል። ተወው። በሶ በማር በጥብጠህ ጠጣ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስህ ውስጥ ይኑር። ጭኮ ካገኘህማ እስከ ፒትስበርግ ትመለሳለህ። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ በሶዬን ቀምሰው የት እንደሚሸጥ ጠየቁኝ፣ እዚህ አሌክሳንድሪያ ያለውን የሐበሻ ሱቅ አድራሻ ጻፍኩላቸው።

---

ዱባይ ያለሁ

አንድ ጥያቄ፣ እንዳትስቁ። በዚህ ዓመት ማብቂያ አገሬ ልገባ ነው። ሀዋሳ ሜዳ ስለሆነ ሰው ሁሉ ሳይክል ይነዳል አሉኝ። እኔ በልጅነቴ ወንድሞቼ ተከልክለው አያውቁም፣ እኔ ግን ተከልክዬ ነው ያደግኩት። ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ሴት ልጅ መልመድ ትችላለች?

---

የሮተርዳሟ

@ዱባይ ያለሁ እህቴ፣ ማን ይስቃል! እኔ ራሴ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው የለመድኩት። ሆላንድ ውስጥ ለስደተኛ ሴቶች የብስክሌት ትምህርት ይሰጣሉ፣ አብረውኝ ከነበሩት አንዷ የልጅ ልጅ ያላት ሴት ነበረች።

ዘዴው ቀላል ነው። ፔዳሎቹን ሁለቱንም አስፈቺያቸው። ኮርቻውን ዝቅ አድርጊ፣ ሁለቱም እግሮችሽ መሬት በደንብ ይርገጡ። በእግርሽ እየገፋሽ ብቻ ሂጂ። መሪውን አትይ፣ ሩቅ ተመልከቺ። እግርሽን አንስተሽ ትንሽ ስትንሳፈፊ ሚዛኑ ገባሽ ማለት ነው፣ ያኔ ፔዳሉ ይመለስ። ኮርቻውን ቀስ በቀስ ከፍ ታደርጊዋለሽ።

ሰፈር ሜዳ ላይ ጠዋት በማለዳ ጀምሪ፣ ሰው ሳይበዛ።

---

ሸገሬ በፔዳል

አንድ ነገር ልጨምር። ፔዳሉን ራስሽ የምትፈቺው ከሆነ ቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ነው። ግራው ግን በተቃራኒው ነው የሚዞረው። ይህን ሳያውቁ ጉልበት ጨምረው ጥርሱን የሚበሉት ብዙ ናቸው። ሀዋሳ ስትደርሺ እዚህ ጻፊልን፣ እዚያ የሚነዱ ልጆች አውቃለሁ፣ ደህና ጎሚስታም ይጠቁሙሻል።